ሦስት ዓመት የተኛው ሽማግሌ ሲነሳ

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ማዳመጥ ጥቅም ንግግር ላደርግ ተወዳድሬ፣ ደወል ባለመስማቴ ተሸንፌያለሁ። ሌላ ሰው ቀድሞ ከሚነግራችሁ እኔው ልናዘዝ ብዬ ነው። ለአንድ ተወዳዳሪ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ነበር፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ደወል ይደወላል። እኔ «ክቡራንና ክቡራት፣ ጆሮ ለምን ሁለት ሆነ? አፍስ ለምን አንድ ብቻ?» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ፣ ሰዓት ያዧ ልጅ አንዴ ደወለች፣ ሁለቴ ደወለች፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ሳታቋርጥ ትደውል ጀመር። ተማሪው በሳቅ ሲያጨበጭብ ያደነቀኝ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። ማይክራፎኑን ከእጄ የወሰደው ከዳኞቹ አንዱ ነው። ለነገሩ በትሕትና ነበር የወሰደው።

ያኔ ራሴን ትልቅ ተናጋሪ አድርጌ ነበር የማየው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለው ትምህርት ቤታችን ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያውን ዜና የማነበው እኔ ነበርኩ። መብራት በጠፋ ቀን ያለ ድምፅ ማጉያ አነባለሁ፤ ልዩነቱን ያወቀ ሰው የለም። እቤት ደግሞ ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ አንገቴን ከትቼ እለማመዳለሁ፤ ድምፄ ከውስጥ ሲመለስ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የሰማኝ ይመስለኛል። እናቴ ልብስ እያሰጣች «ልጄ፣ በርሜሉ ምን አደረገህ?» ትለኝ ነበር።

አባቴ ግንበኛ ነው። ለቡ አካባቢ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ አሁንም እዚያው ነው የሚውለው። በቀን የሚናገራቸው ቃላት ከሚደረድራቸው ብሎኬቶች ያንሳሉ። እኔ ራት ላይ ስለ ትምህርት ቤት ወሬ ስደረድር፣ ቱምቢ አውርዶ የግድግዳ መንጋደድ እንደሚያይ ሰው ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ያየኛል፤ ከዚያ «ወጡ ይቀዘቅዛል» ይላል። በንግግሬ ላይ የሰጠው አስተያየት እስከዚያ ድረስ ይኸው ነበር።

ትምህርት ቤቴ የመጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱንም ጊዜ «ወላጅ አምጣ» ተብዬ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቴ ክፍል ውስጥ ማውራት ነበር። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይቆማል፣ «ሁለተኛ አይለመደውም» ይላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳላጠፋ ጠርቼው ሰው ፊት ስናገር እንዲያየኝ። ዋንጫ ባገኝ ባላገኝ ግድ የለኝም ብል ግን ዋሸሁ፤ ዋንጫውንም ፈልጌ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ያዋረደኝ እሱ ነው። አባታችንን እኔና እህቴ «አንተ» ነው የምንለው። አንቱታውን ለአዲስ አበባ ብሎ ለቅቆልናል። «ኖር»ን ግን አልለቀቀም። እሱ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው በር ላይ ብቅ ሲል የተቀመጠ ይነሳል፣ የተኛም ይነሳል፣ «ኖር» ይባላል፤ የገባው ሰው «በእግዜር» ሲል ቁጭ ይባላል። ጓደኞቼ እቤት መጥተው ይህን ሲያዩ «ፍሬንድ፣ እናንተ ቤት ፋራነት በነጻ ነው እንዴ?» ብለው ሙድ ይይዙብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አባቴ ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ፈልጌ አይደለም፤ እግሬ ነው የሚነሳው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የክፍለ ከተማችን ትምህርት ቤቶች በአጭር ተውኔት ሊወዳደሩ ነው ተባለ። ቦታው ጎፋ ያለ የወጣቶች አዳራሽ ነው። የአማርኛ መምህራችን የድራማ ክበቡ ኃላፊ ነበረች፤ የደወሉንም ጉድ በዓይኗ አይታለች። ተውኔቱን የጻፈችው የክፍላችን ልጅ ነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልተነሳ ሽማግሌ አለ፤ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ አልጋው አጠገብ ቆመው ስለ ቤቱ ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ይናገርና ያልቃል። ጸሐፊዋ ራሷ ሴት ልጁን ሆነች። መምህራችን ሽማግሌውን ለእኔ ስትሰጠኝ ለድምፄ ብላ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

«ለድምፅህ አይደለም» አለችኝ። «እጅህን ብርድ ልብስ ውስጥ ልንከተው ነው። ሽባ ነህ፤ አታወናጭፍም።»

የመጨረሻዋ ንግግር ግን የኔ ነች ብዬ ተጽናናሁ። ስድስት መስመር ነበረች። ጸሐፊዋን ሁለት ገጽ እንድታደርጋት ለመንኳት። «ሰውየው እየሞተ ነው፤ አንተን ነው የምትፈልገው ወይስ እሱን?» አለችኝና ስድስት መስመሯ ስድስት ሆና ቀረች።

ውድድሩ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ራት ላይ ድፍረቴን ሰብስቤ «አባዬ፣ ቅዳሜ ጎፋ ትመጣለህ? የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው» አልኩት።

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም። ድራማ ነው፤ እሠራለሁ።»

እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰና አሰበበት። «ምን አጥፍተህ ነው ድራማ ያሠሩህ?»

እህቴ በሳቅ ትን አላት። አባቴ ግን የምሩን ነበር። ከዚያ «ቅዳሜ ሶሌታ እንሞላለን» አለ። ሶሌታ የቤቱ ኮንክሪት ጣሪያ ነው፤ መሞላት ከተጀመረ ሳያልቅ አይተውም፤ ይህን የግንበኛ ልጅ ያውቃል። አይመጣም ማለት ነው ብዬ ተኛሁ። ተኛሁ ልበል እንጂ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው ያደርኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። እናቴ ለቅሶ ስለነበረባት ከቤት የመጣልኝ ሰው የለም። አልጋዬ ሁለት የተገጣጠሙ አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ ብርድ ልብሱ ከቤታችን የመጣ ነው። ጢሜ በሙጫ የተለጠፈ ጥጥ ሲሆን፣ በተነፈስኩ ቁጥር ግማሹ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም እውነት ለመናገር ጥሩ እየሄድን ነበር። እጄ ብርድ ልብስ ውስጥ ታስሯል፣ አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ዳኞች አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። ዋንጫው የት ላይ እንደሚቀመጥ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ብዬ ወሰንኩ።

የአዳራሹ የኋላ በር ተቆልፎ ስለነበር ያረፈደ ሁሉ የሚገባው ከመድረኩ ጎን ባለች ትንሽ በር ነው። ወንድ ልጁ የሆነው ተዋናይ ወደ እኔ ጣቱን ቀስሮ ሊናገር አፉን ሲከፍት በሯ ተከፈተች። አባቴ ነው። በሥራ ልብሱ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲሚንቶ፣ ኮፍያው በእጁ።

ተነሳሁ።

ብርድ ልብሱን ገፍቼ፣ ሦስት ዓመት ያልቆምኩት ሽባ፣ በሁለት እግሬ ቀጥ ብዬ፣ በዚያ በርሜል ባጠነከረው ድምፄ «ኖር» አልኩ።

አባቴም ድንግጥ አለና፣ ዕድሜ ልኩን እንደሚለው፣ «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጥ» አለ።

ተመልካቹ እርስ በርሱ ተያየ። የተውኔቱ ክፍል ነው ወይስ አይደለም እያሉ ነበር መሰለኝ። ያኔ ተመልሼ ብተኛ ምናልባት እናልፈው ነበር። ነገር ግን ወንድ ልጁ ከጽሑፉ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እያለሁ፣ ጣቱን እንደቀሰረ ተራውን ተናገረ፦ «ሐኪሙ እንደሆነ ከእንግዲህ አይነሳም ብሏል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ ድርሰቷን ለማዳን ተንበርክካ «ጠበሉ ሠራ! አባቴ ዳነ!» አለች፤ ይህ ደግሞ ባሰ። ሰዉ ወንበር እየያዘ ይስቃል፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀርጻል፤ ያቺ ዓይኗን ስትጠርግ የነበረችው ዳኛም አሁን በሌላ ምክንያት ትጠርጋለች። ጢሜ ወልቆ ደረቴ ላይ ተንጠለጠለ። ንግግሬን ልጀምር አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋኝ። መምህራችን መጋረጃውን ጎተተችው።

ከመጋረጃው ጀርባ ብርድ ልብሴን ታቅፌ አለቀስኩ። ያን ሰዓት ያሰብኩትን መጻፍ አሁንም ይከብደኛል፤ «ምነው ባልመጣ» አልኩ። ዓመቱን ሙሉ የተመኘሁት ሰው፣ ሶሌታ ሞልቶ ልብስ እንኳ ሳይቀይር የመጣው፣ ምነው በቀረ አልኩ። በጫማውም አፈርኩ።

እንባዬን ጠርጌ ስወጣ አባቴ መምህራችን ፊት ቆሟል። አቋቋሙን አውቀዋለሁ፤ ኮፍያው በሁለት እጁ፣ ልክ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ እንደሚቆመው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምህርት» ይላታል። «እሱን እንዳትቀጡት። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስ ብዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እዚህ እንደማይነሱ አላወቅኩም።»

መምህራችን «ኧረ ምንም ጥፋት የለም፣ አባት» ብትለውም አላመናትም። ተጠርቶ ሲመጣ ጥፋት ሳይኖር ቀርቶ አያውቅማ። ለአራተኛ ጊዜ «ሁለተኛ አይለመደውም» አላትና ወጣን።

ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ሆንን ብዬ ነገሩን ላሳጥረው። ቪዲዮው እኛ ታክሲ ሰልፍ ሳንደርስ የክፍላችን ግሩፕ ላይ ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ እኔ ክፍል ስገባ አርባ ምናምን ተማሪ ከወንበሩ ተነስቶ «ኖር» ይለኝ ነበር፤ እኔም «በእግዜር» ካላልኩ አይቀመጡም። አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ለሱ የተነሱ መስሎት አመሰገናቸው።

የዚያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። አባቴና እኔ ጎን ለጎን ቆምን። ከዚያ ወደ አስፋልቱ እያየ «ሰውየው ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የታመመው።»

«ልጆቹን ያናግራቸዋል። ከዚያ ያልቃል።»

«ምን ይላቸዋል?»

ፊት ለፊታችን ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላችን ሰው አለ። ስለዚህ በቀስታ አልኩት፤ እጄም ብርድ ልብሱን ታቅፎ ስለነበር አልተወናጨፈም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ሳይ፣ እናንተን በኮቴያችሁ ለየኋችሁ። አንተ ስትመጣ በር ላይ ትቆማለህ። አንቺ ስትመጪ መስኮት ትከፍቺያለሽ። ቤቱን ተካፈሉት፤ የናንተው ነው። እኔን ግን አንዳችሁ እዚህ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉና፣ ምን ስታስብ ዋልክ በሉኝ።»

አባቴ ራሱን ትንሽ ዘንበል አደረገ። ሰልፉ ሁለት ሰው ያህል ተንቀሳቀሰ፤ እኛም ተንቀሳቀስን።

«ይህን እዚያ ለምን አላልከውም?»

«ሳቁብኛ።»

«እኔ አልሳቅኩም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው ሲንከባለል እሱ በሯ አጠገብ ቆሞ እስክናገር ሲጠብቅ ነበር። እኔ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ጆሮ የሰበክኩት ሰውዬ፣ በአዳራሹ ውስጥ ካለው ድምፅ ሁሉ የእሱን ዝምታ አልሰማሁትም።

ታክሲው መጣና የኋላ ወንበር ላይ ገባን። ብርድ ልብሱን ጭናችን ላይ አደረግነው። ጫማው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ አየሁትና፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

መጀመሪያ «ምን እባክህ» አለ። ቀጥሎ ማደባለቂያው ማሽን ጠዋት እምቢ እንዳላቸው፣ ሙሌቱ እንዳይቋረጥ ወጣቶቹን በሰልፍ አቁሞ በባልዲ እንዳቀባበላቸው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደመናውን እያየ እንዴት እንደተጨነቀ፣ ሲያልቅ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ታክሲ እንደያዘ ይነግረኝ ጀመር። እያወራ እጁን ያወናጭፍ ነበር። እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ ነገረኝ፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ነው።