የዘለለችልኝ ልጅ

አምና ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የታመምኩትን ሕመም እንኳ መርሳት ጀምሬያለሁ። አንዲት ልጅ ሲሚንቶ ላይ ስትዘል የሰማሁት ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እነሆ ብዕር ያነሳሁትም ለእሷ ብዬ ነው።

ቤታችን ትክል ድንጋይ ከተማ ነው። አንድ ቀን ራሴን ፈለጠኝ፤ ትኩሳትም ያዘኝ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ጠጣሁ። በማግስቱ አንገቴ ድርቅ አለ፤ አገጬን ወደ ደረቴ ማስጠጋት አቃተኝ። ብርሃን ዓይኔን ስለወጋኝ በነጠላ ተሸፋፈንኩ። አባቴ አዝሎ ማኪና ላይ አወጣኝና ጎንደር ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሟ ገና ስታየኝ "ማጅራት ገትር ይመስላል" አለች። መድኃኒቱ ወዲያው በደም ስሬ ተጀመረልኝ። ሕመሙ በየትኛው ተህዋስ እንደመጣ ለመለየት ደግሞ ከጀርባዬ ፈሳሽ መወሰድ አለበት ስትል አባቴ ጮኸ።

"ከጀርባዋ? ሽባ ልታደርጓት ነው? አይሆንም!"

ብታስረዳው፣ ብታስረዳው እምቢ አለ። እኔም ዓይኔን እንደሸፈንኩ ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ከጎናችን ካለው አልጋ የሸመገለ ድምፅ ተሰማ።

"ምነው ወንድማለም? የኔይቱም እኮ ተወግታለች። ከአዲ አርቃይ ስትመጣ በሸክም ነበረች። ተነሽ እስቲ ልጄ፣ ዝለይላቸው!"

"አባየ ደግሞ! ሰው ፊት?"

"ትናንት ስትዘይ አይደል እንዴ ነርሷ የተቆጣችሽ? ዛሬ ሲፈቀድልሽ አፈርሽ?"

ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። "በአንድ እግሬም ላሳያችሁ?" አለችና ቀጠለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባቴም ሳቁ አመለጠው።

"በሉ አያ፣ አሸነፋችሁኝ" አለ። ወደ ሐኪሟም ዞሮ "ውሰጂ እንግዲህ" አላት።

ጉልበቴን አቅፌ ተኛሁ። አመመኝ፤ ግን አለፈ።

ከቀናት በኋላ ብርሃኑን ችዬ ዓይኔን ስገልጥ ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ባልቴት ተኝተዋል። አባትና ልጅ አገራቸው ገብተዋል።

"ስሟ ማን ነው?" ብዬ አባቴን ብጠይቀው እሱም አልጠየቃትም። "ምን ትመስላለች?" ስለው "ሸጋ ልጅ ናት" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው!

አሁን ጎንደር መናኸሪያ በደረስኩ ቁጥር የአዲ አርቃይ አውቶቡስ ሲገባ እቆማለሁ። እኩያዬ የሆነች ልጅ ስትወርድ ፊቷን ሳይሆን እግሯን አያለሁ።

ሕመሙ ምንም ጉዳት አልተወብኝም። በገመድ ዝላይ ከክፍላችን የሚደርስብኝ የለም። ብቻ፣ ስዘል አጠገቤ የምሰማው የራሴን እግር ነው እንጂ የእሷን አይደለም።