የጎበጡት ሐብሐቦች

የዘር እርሻው ሠራተኞች «ሬዲዮ» ይሏታል። ጠዋት በሰርቪስ አውቶቡስ የጀመረችውን ወሬ ማታ ስትመለስም አትጨርሰውም ነበርና ነው። ባሏ በያጅ ነበር፤ «እኛ ቤት መብራት ቢጠፋም ሬዲዮው አይጠፋም» እያለ ጓደኞቹን ያስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመጋዘን ጣሪያ ሲበይድ የረገጠው ቆርቆሮ ከዳውና ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ።

ሬዲዮ አላለቀሰችም። ዘመድ አዝማዱ እዬዬ ሲል እሷ ጥግ ይዛ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። የባሏ ታላቅ እህት «ድንጋይ! ይቺ ሰው አይደለችም፣ ድንጋይ ናት!» አለች፣ እንድትሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሰምታታለች። ቅር ሊላት ይገባ ነበር፤ ቅር የሚለው ቦታ ግን ከውስጧ ጠፋባት። ጥርሱን ሊያስነቅል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን እየነካካ «የኔ ነው ወይስ የሰው?» እንደሚል፣ እሷም እንደዚያው ሆነች።

ለቀስተኛው ሲበተን አማቷ ቀሩ። እማማ ነው የምትላቸው። «ትንሽ ሰንብቼ እሄዳለሁ» አሉ፤ ሬዲዮም «እሺ» አለች። ከዚያ ሥራ ገባች።

እርሻው የሚሸጠው የሐብሐቡን ፍሬ ሳይሆን ዘሩን ነው። የትኛው አባት ከየትኛዋ እናት እንደተገናኘ መታወቅ ስላለበት ነገሩ ለንብ አይተውም፤ የሚያጋቡት ሠራተኞቹ ናቸው። ሐብሐብ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ ያወጣል። ሴቴዋ ከሩቅ ትለያለች፤ ከአበባዋ ሥር የጥፍር ያህል የሆነች ጸጉራም ሐብሐብ ይዛ ነው ብቅ የምትለው። ፍሬው አበባው ሳይፈካ በፊት አለ ማለት ነው። ሬዲዮ በደጉ ጊዜ ይህን ለአዲስ ገቢዎች ስታስረዳ «ሴቷ ድሮም አርግዛ ነው የመጣችው፤ ወንዱ የተፈለገው ለምስክርነት ነው!» እያለች በሳቅ ትገድላቸው ነበር። ያለ ምስክር ግን ነገሩ አይጸናም። የወንዴው ብናኝ ካልደረሰላት ያቺ ትንሿ ሐብሐብ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

ስለዚህ ሬዲዮ ሊፈኩ የደረሱትን ሴቴ አበቦች በዋዜማው በወረቀት ከረጢት ትሸፍናለች። ጠዋት ወንዴውን ትቀጥፍና ቢጫ ብናኙን በሴቴዋ መሃል ባሉት ሦስት ከንፈሮች ላይ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ ቀስ አድርጋ ታሻለች። ከዚያ መጋባቷ እንዲታወቅ የአበባዋ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስራለች። አበባዋ የምትጠብቀው አንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ «ነገ እደርስበታለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ከሐዘኑ በኋላም ይህንኑ ሠራች። ቢያንስ የሠራች መስሏታል። ጓደኞቿ መጀመሪያ «ባትሪዋ አለቀ» ብለው ሊያጫውቷት ሞከሩ፤ አልስቅ ስትላቸው ተዉት።

ፍሬዎቹ መወፈር በጀመሩበት ሰሞን አለቃዋ ወደ መስመሯ ጠራቻት። ከሐረጉ ሥር የረገፉ ትንንሽ ሐብሐቦች ቢጫ ሆነው ተበትነዋል። ያልረገፉትም ደህና አይደሉም፤ በአንድ በኩል ነፍተው በሌላው በኩል ሰርጉደዋል፣ ልክ በአንድ ጎኑ እንደተኛ ትራስ። አለቃዋ አንዱን ቀጥፋ በቢላ ለሁለት ከፈለችው።

«እዪው። በወፈረበት በኩል ዘሩ ሙሉ ነው። በዚህኛው በኩል ግን ነጭ ገለባ ብቻ። ሥጋው የሚያድገው ዘሩ ሲጠራው ነው፤ ጠሪ የሌለበት ጎን እንደዚህ ኮስሶ ይቀራል።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ፣ የደነቀኝም እሱ ነው። አንዱን ከንፈር ነክተሽ ሁለቱን ትተሻል። አንዳንዷንማ ጭራሽ ሳትነኪ ክር አስረሽባታል።»

ሬዲዮ የተከፈለውን ሐብሐብ አየችው። ክሩን ስታስር ትዝ ይላታል፤ ከክሩ በፊት ያለው ግን ባዶ ነው።

«ልባረር ነው?» አለች፣ የጎረቤት ወሬ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

አለቃዋ ፊቷን ትኩር ብላ አየቻትና ቢላዋን ጠረገች። «ማንም አያባርርሽም። ለጊዜው ዘር ማጠቢያ ግቢ። እዚያ የሚመጣው የበሰለ ፍሬ ነው፤ ብትሳሳቺም የምታበላሺው ነገር የለም።»

ማታ እራት ላይ ለእማማ ነገረቻቸው። «ዛሬ ከቦታዬ አነሱኝ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እማማ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«የልጆቼ አባት የሞተ ጊዜ» አሉ፣ «ሰዉ ሁሉ ጀግና ናት አለኝ። ምን ጀግና! ጨውና ስኳር መለየት አቅቶኝ ነበር። ለእንግዳ ሻይ በጨው አፍልቼ አቀረብኩ። እሱም ይሉኝታ ይዞት ግጥም አድርጎ ጠጣና 'ይጨመርልኝ' አይለኝ መሰለሽ!»

ድሮ ቢሆን ሬዲዮ በሳቅ ፍርስ ትል ነበር። አሁን አፏ ለመሳቅ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ስንት ጊዜ ቆየብዎት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ሲመጣም አዋጅ አያስነግር፣ ሲሄድም እንደዚያው።»

ዘር ማጠቢያው ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። የበሰሉት ሐብሐቦች ይከፈላሉ፤ ቀዩ ሥጋ ከነዘሩ ተዝቆ በርሜል ውስጥ ይቆይና በወንፊት ይታሻል። ከዚያ ውኃ ይሞላበታል። ሙሉው ዘር ይዘቅጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። የሬዲዮ ሥራ የተንሳፈፈውን እየገፈፉ መድፋት ሆነ። እጇ እስከ ክርኗ ይቀዘቅዛል፤ የሚያናግራት የለም፣ እሷም አትፈልግም። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል።

አንድ እሑድ የባሏ እህት እናቷን ልትወስድ በታክሲ መጣች። «በይ እማዬ፣ ይበቃሻል። እዚህ ማን አለኝ ብለሽ ነው?» አለች፣ ሬዲዮን ቀና ብላ ሳታይ። እማማ ነጠላ ጫማቸውን በሌላ ለውጠው ወጡ። ሻንጣውን ያነሳችው ሬዲዮ ናት። ታክሲው አጠገብ ደረሰች፤ ሾፌሩ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍቶ ይጠብቃል። ሻንጣውን ግን አላስቀመጠችውም።

«አይሂዱ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች እህትየው።

«እማማ አይሂዱ።» ድምፅዋ ልሙጥ ነው፤ ልመናም ቁጣም የለበትም። ከአፏ በመውጣቱ ከሁሉም በላይ የተገረመችው ራሷ ናት።

እህትየው ልትናገር አፏን ስትከፍት እማማ የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡና ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር።

«እግሬን አሞኛል፤ ዛሬ አልሄድም» አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ «ነገም የሚያመኝ ይመስለኛል» አሉ።

እህትየው አኩርፋ ብቻዋን ሄደች። ቆይታ ግን እየመጣች ትጠይቃቸው ጀመር፤ ከሬዲዮም ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

እማማ ከዚያ ወዲህ እዚያው ናቸው። አለቃዋ ወደ አበባው መስመር እንድትመለስ ብትጠይቃትም ሬዲዮ ማጠቢያውን መረጠች። ማታ ማታ ወሬውን የያዙት እማማ ናቸው፤ የጎረቤቱን፣ የገበያውን፣ የወጣትነታቸውን ያወራሉ። እሷ ሳህን እያጠበች ትሰማለች። አንዳንድ ቀን አንድ ሁለት ቃል ጣል ታደርግበታለች።