እትዬ አበራሽና የታምራት ሰይፍ

እትዬ አበራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ለማንም ተማሪ ግማሽ ማርክ ጨምረው አያውቁም። እኔንም አስተምረውኛል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ባጃጅ ነጂ፣ መንገድ ላይ ሲያያቸው ሳያስበው የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። ባል አላገቡም፤ ልጅም የላቸውም። ጡረታ የወጡ ጊዜ ደብረ ሲና ያለችው እህታቸው «ሙቀቱ ይጨርስሻል፤ ወደ ደጋው ነይ» ብላ ብትለምናቸውም እንቢ አሉ። ለምን እንደቀሩ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

እኛ ዘንድ የመጡት በጨዋታ ጠብ ምክንያት ነው።

ሱፍዋን የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከዶርም ጓደኞቹ አንድ ጨዋታ ተምሮ መጣና ለሚስቱ ለነዒማ፣ ለታምራትና ለእኔ ለብርቱካን አስተማረን። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ለየራሳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ወደ ታሪኩ ይገባሉ። ተራኪው «ከዋሻው ዘንዶ ወጣ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እኛ የምናደርገውን እንነግረዋለን። መሳካቱ ያጠራጠረ እንደሆነ ዕጣ ይወጣል። ሱፍዋን ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የጻፈባቸው ሃያ ቆርኪዎች በጨርቅ ከረጢት አድርጓል። ዐሥራ አንድና ከዚያ በላይ ያወጣ ይሳካለታል፤ ከዚያ በታች ያወጣ ይወድቃል። እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤት፣ ቬንትሌተሩ እየጮኸብን፣ ይህን እንጫወት ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ምትሃታዊ ዕቃዎች ይገኛሉ። እኔ የሚሰውር ካባ ነበረኝ፤ ነዒማ ቁስል የሚሽር ማሰሮ። ታምራት ሰይፍ ደረሰው። ሰይፉን የያዘ ሰው ሁለት ቆርኪ አውጥቶ የሚሻለውን ይመርጣል፤ ከመታ ደግሞ ወዲያው ሌላ ምት ይጨመርለታል። ሱፍዋን ሰይፉን ለዕጣ ያቀረበው ደስ ብሎት፣ ብዙም ሳያስብበት ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የታምራት ሰው ብቻውን ዘንዶውንም ሽፍታውንም እየጨረሰ፣ እኛ ቁጭ ብለን የምናይ ሆንን።

«እኔ ምን ላደርግ ነው የምመጣው?» አለች ነዒማ አንድ ቀን።

«ለምኜ አልወሰድኩትም። በዕጣ ደርሶኝ ነው» አላት ታምራት።

ሱፍዋን ሰይፉን ላዳክመው ቢል ታምራት ተቆጣ፤ ልተወው ቢል ሚስቱ አኮረፈች። ሁለት እሑድ ሳንገናኝ ቀረን። በመጨረሻ ሱፍዋን፣ «ወላሂ፣ የሚፈርድልን ሰው ያስፈልገናል» አለና እትዬ አበራሽ ቤት ሄድን። ታምራት አብሮን አልመጣም፤ ማን እንደሚፈርድም አልጠየቀም።

እትዬ አበራሽ ሱፍዋንን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ፣ «የወጣው ቆርኪ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል ወይስ ውጭ ይቀራል?» ብለው ጠየቁ። ዓመት ሙሉ ስንጫወት ይህን ያሰበ አልነበረም። አንዳንዴ እንመልሰዋለን፤ አንዳንዴ እንረሳዋለን።

«እንዲህ ከሆነ ሳላይ አልፈርድም» አሉ።

በተከታዩ እሑድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ታምራት ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ነገር ግን ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እየተጫወትን እሳቸው ከጥግ ሆነው ይጽፉ ነበር። ስንጨርስ ደብተሩን ገለጡ።

«ሌላው ሰው ሲመታ ከሁለት አንዴ ይሳካለታል። ታምራት ከአራት ሦስቴ። ይህ ትንሹ ነው። ዛሬ ነዒማ አራት ጊዜ እጇን ከረጢቱ ውስጥ አስገባች፤ ብርቱካን ስድስት ጊዜ። ታምራት አርባ አንድ ጊዜ።» ቀና ብለው አዩን። «የሰይፉ ጥፋት መግደሉ አይደለም። የሰው ተራ መብላቱ ነው። ሁለተኛው ምት ይቅር። ሁለት ቆርኪ ማውጣቱም በአንድ እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።»

ታምራት ብድግ አለ። ድምፁን አልጨመረም።

«ወንድሜን አንድ ማርክ ከልክለው ከትምህርት አስወጡት። ትምህርቱን ባይተው የጭነት መኪና ረዳት አይሆንም ነበር፤ አይሞትም ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ ድረስ መጡብኝ?»

ወጥቶ ሄደ። ማናችንም ይህን አናውቅም ነበር። እትዬ አበራሽ ደብተራቸውን አጠፉና ለመነሳት ሲሞክሩ እጃቸው ጠረጴዛውን ሳተው። እኔ ደገፍኳቸው፤ ወደ ቤታቸውም አብሬ ሄድኩ።

በመንገድ ላይ ሳልጠይቃቸው አወጉኝ። ልጁ አማኑኤል ይባላል። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ዐሥረኛ ክፍል፣ ማለፊያው ሃምሳ ሲሆን አርባ ዘጠኝ አገኘ።

«ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ሦስቱንም ጊዜ አርባ ዘጠኝ መጣ።»

«ታዲያ ትክክል ነበሩ፣ ቲቸር።»

«ትክክልማ ነበርኩ። መስከረም ላይ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ግን የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም።»

ከሰባት ዓመት በኋላ አማኑኤል የሚሠራበት መኪና ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ለቀብሩ ሄደው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሙ፤ ሰዉ አስከሬኑን ይዞ ሲገባ ተመለሱ። «ለቅሶ ቤት አልሄድኩም። እናቱን ማየት ፈራሁ» አሉኝ። ከዚህ ከተማ ያልወጡትም በዚሁ ነው፤ ጥዬ ብሄድ የሸሸሁ ይመስለኛል አሉ።

ሰኞ ጠዋት የምሠራበት መድኃኒት ቤት ገና መከፈቱ ነበር። እትዬ አበራሽ ነጠላቸውን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጣፍተው፣ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው መጡ።

«የታምራትን ቤት ታውቂዋለሽ?»

«ሰይፉን ሊመልሱለት ነው?»

«አይ። ፍርዱ ፍርድ ነው። እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄደው።»

የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት አስፈቅጄ ወጣሁ። ባጃጁ አስፋልቱ ባለቀበት አወረደን፤ ከዚያ በሽንኩርትና በማሾ ማሳ መካከል ወደ ሮቢ ወንዝ በእግር ወረድን። የታምራት እናት ከቤታቸው ደጅ ካለው ዳስ ጥላ ሥር ሰፌድ ይዘው ማሾ ይለቅሙ ነበር። እንግዳ ሲያዩ ተነሱ። እትዬ አበራሽ ስማቸውን ተናገሩና፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ።

እናቱ ሰፌዱን አስቀምጠው በርጩማ አቀረቡ። «አሜን። ይቀመጡ» አሉ።

እትዬ አበራሽ ተቀምጠው ስለ ማርኩ ነገሯቸው። ምንም አላለዘቡትም፤ ምክንያትም አላበዙም። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ታምራት አካፋ በትከሻው፣ ጭቃ በጉልበቱ፣ ከመስኖው ደረሰ። ሲያየን ባለበት ቆመ።

«ማርክ?» አሉ እናቱ። «ማርኩ አናዶታል፤ አልዋሽም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ትምህርቱን የተወው ግን በእኛ ነው። ያን ክረምት አባቱ ወገቡን ታሞ ተኛ። በሬውን ማን ይጥመድ? ማኑ፣ ‹ከርሞ እማራለሁ› አለና ሞፈሩን ያዘ። ከርሞ የሚባለው አልመጣም።»

ማኑ ሲሉ ደነገጥኩ። ማኑ በጨዋታችን ውስጥ ሰይፉን የያዘው የታምራት ሰው ስም ነው። ወደ ታምራት ዞር አልኩ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላቸው እናቱን።

«ማርኩን አንተ ታነሳለህ ብዬ መች አሰብኩ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርክ።»

እትዬ አበራሽ የተገላገሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ያኔ የማታ ትምህርት ነበረ። መጥቼ ብጠይቅ ኖሮ ቀን እያረሰ ማታ ይማር ነበር። እኔው አስመዘግበው ነበር።»

«ይሆን ነበር» አሉ እናቱ። አላጽናኑዋቸውም፤ አልወቀሱዋቸውምም። ዳቦውን ቆርሰው ለሁላችንም ሰጡን።

ታምራት እስከ አስፋልቱ ሸኘን። ባጃጅ ስንጠብቅ የጉልበቱን ጭቃ እየፋቀ፣ «ማኑ እንዲቆስል አልፈልግም ነበር» አለ። «ሰይፉ እያለ ማንም አይደርስበትም። ቂል ነገር ነው፤ አውቃለሁ።»

«ቂል አይደለም» አሉት እትዬ አበራሽ።

«ሰይፉን ይቀንሱት።»

«እኔ አልቀንሰውም። አንተው እሑድ መጥተህ ቀንሰው።»

በዚያ እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው ከእኛ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ደንቡን በራሱ እጅ ጽፎ አመጣ፦ ሁለት ቆርኪ የሚወጣው በቀን አንዴ ብቻ ሆኖ፣ ያንኑ አንድ ጊዜ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል የሚል ነበር። እትዬ አበራሽ አነበቡትና፣ «ከእኔ ፍርድ ይህ ይሻላል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የወጣው ቆርኪም ሁልጊዜ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል።

ግንቦት ላይ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በጋለበት እሑድ፣ በታሪኩ ውስጥ ድልድይ ስንሻገር ከኋላችን አውሬ መጣ። ታምራት የዕለቱን ሁለት ቆርኪ ቀደም ብሎ ለነዒማ ሰጥቶ ነበር። «ማኑ ድልድዩ ላይ ይቆማል፤ እናንተ እለፉ» አለ። ሱፍዋን «ካልተሳካለት ይሞታል» አለው። ታምራት እጁን ከረጢቱ ውስጥ አስገባ። አራት ቁጥር ወጣ።

ማኑ ሞተ ማለት ነው። ሱፍዋን ከረጢቱን መልሶ ዘረጋለት። «ሌላ አውጣ፤ ወላሂ ማንም አይቃወምህም» አለው።

ሁላችንም ወደ እትዬ አበራሽ አየን። እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«እኔም አልቃወምም» አሉ።

ታምራት ቆርኪውን መዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከተው። «አይ፤ አራት ነው የወጣው» አለና መለሰው።

ነዒማ አለቀሰች፤ እሱ አላለቀሰም። ጨዋታው በዚያው ቆመ። ታምራት ስለ ወንድሙ ያወራልን ጀመር፦ ሮቢ ሲሞላ በዋና እንዴት እንደሚሻገር፣ ሲያርስ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእሱ ከመጠኑ የሰፋ ጫማ እንዴት እንደገዛለት። እትዬ አበራሽም አማኑኤል ክፍል ውስጥ የት ይቀመጥ እንደነበር ነገሩን፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ። ይህን ታምራት አያውቅም ነበር፤ እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። ደገሙለት።