ለሰላም ስብሰባ ወጥቼ ተስፋይ ቤት ወረድኩ

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት

ከሰፈሬ ከፋልከንሪጅ የተነሣሁት መሀል ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አንዲት እስራኤላዊትና አንድ ፍልስጤማዊ ያለ ጠመንጃ ስለሚደረግ ትግል ይናገራሉ ተብሎ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሾርባም በነጻ አለ ተብሏል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው። ሁለት ሱሪ ስለደረብኩ እንደ ጆንያ ተንከባልዬ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፤ የአረጋውያን የዓመት መሳፈሪያ ፓሴን ለሾፌሩ አሳየሁ። ኋይትሆርን ጣቢያ ላይ ባቡር ያዝኩ።

ማርልቦሮ ጣቢያ ስንደርስ እንደ ልማዴ ፊቴን አዞርኩ። እዚያ ሰፈር ተስፋይ ይኖራል። እሱ አስመሬ፣ እኔ የደሴ ሰው፤ ለዐሥር ዓመት የሰፈሩን ባልና ሚስት ስናስታርቅ የኖርን ሽማግሌዎች ነን። አገሮቻችን ጦር ሲማዘዙ እኛም አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ተሰዳደብን፤ ከተዘጋጋን ስምንት ወራችን። ሽማግሌ እስኪልክ እጠብቃለሁ፤ እሱም ይጠብቃል። ችግሩ፣ የሚላኩት ሽማግሌዎች ሁልጊዜ እኛው ነበርን።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ፍልስጤማዊው ሰውየ ወገኖቹ የተነቀሉባቸውን የወይራ ዛፎች መልሰው እንደሚተክሉ፣ ሴትዮዋም መኪና ሙሉ ወገኖቿን ይዛ እየሄደች አብራው እንደምትቆፍር፣ ወታደር ሲመጣ መሬት ላይ እንደሚቀመጡ ነገሩን። ይነቀላል፤ ደግሞ ይተክላሉ። አልፎከሩም። ዐይናቸው ሥር ጠቁሯል።

ጥያቄ ሲባል የሽምግልና አመሌ ተነሣብኝ። ቆሜ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁለቱንም መረቅሁና፣ «በሉ አሁን ተሳሳሙ» አልኳቸው።

«እኛ እኮ አልተጣላንም፣ ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

«የተጣሉት እቤታቸው ተቀምጠዋል» አለ ሰውየው። «የምንሄደው እዚያ ነው።»

«ማን ልኳችሁ?»

«ማንም። እርስዎ ላኪ ይፈልጋሉ?»

ተቀመጥኩ። ሾርባው ምስር ነበር፤ ጨው የለውም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ስመለስ ማርልቦሮ ላይ እግሬ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ተስፋይ በሩን ገርበብ አደረገ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ሽማግሌ የለህም?»

«ሁለት ነበሩን። አንዱ በር ይዟል፣ አንዱ በረዶ ላይ ቆሟል።»

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና፣ «ግባ በል፤ ሙቀቱ ወጣ» አለኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። «የወንድሜ ልጅ ጦር ግንባር ነው» አለ። «የእኔም እህት ልጅ» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ምንጣፉን አየን። ተሳሳሙ የሚለን ሰው አልነበረም።

ሁለት ሰዓት፣ ቤት

በመኪናው አደረሰኝ። አልታረቅንም፤ ያለ ሽማግሌ አናውቅበትም። ከጉዞው የተማርኩት ጉልበቴ ለዚህ ያለ ላኪ የመሄድ ሥራ እንደማይበቃ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ግን እሄዳለሁ። በሩን ባይከፍትልኝም፣ ፓሴ የዓመት ነው።