ውኃ ማቀበል ያስተማርኩት ማሽን

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አስተማሪ ነኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም። ተማሪዬ ግን ሰው አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተተከለ፣ ራስም እግርም የሌለው፣ ሁለት ክንድ ብቻ ያለው ሮቦት ነው። የማስተምረው እዚሁ ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ባለች ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ደመወዜን ሲሰሙ ሰዎች ያምኑኛል፤ ሥራውን ስነግራቸው ግን ይስቃሉ።

ከማሽኑ ኋላ እቆምና ሁለት እጀታ እይዛለሁ። ቀኜን ስዘረጋ የሱም ቀኝ ይዘረጋል፤ ጣቶቼን ስጨብጥ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው መቆንጠጫ ይጨብጣል። ካሜራዎች ይህን ይቀርጻሉ፤ ቀረጻው ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች ይላካል፤ እነሱ ደግሞ ማሽኑ ያንን እያየ ብቻውን መሥራት እንዲለምድ ያደርጋሉ። ፎጣ ማጠፍ አስተምሬዋለሁ። ሽንኩርት ከከረጢት አውጥቶ ሳህን ላይ መደርደርም አስተምሬዋለሁ፤ እስኪለምድ ድረስ ስንቱን ሽንኩርት ጨፍልቆብኛል። ያን ሰሞን ስሰድበው እውል ነበር። አለቃዬ አንድ ቀን ሰምታኝ፣ እሱ እኮ አንቺ ያደረግሽውን ብቻ ነው የሚያደርገው ስትለኝ አፌን ያዝኩ።

አለቃዬ አዲስ አበባ የተማረች የሀርጌሳ ልጅ ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም ቁም ነገረኛ ናት፤ አማርኛዬ ከአንቺ የወሎ አማርኛ ይሻላል እያለችም ታበሽቀኛለች። ውኃ የማቀበሉን ሥራ ያመጣችው እሷ ነች። ማሽኑ ፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ማሽኑ ኩባያ አንሥቶ ለሰውየው ያቀብላል። በቃ ይኸው ነው። ዋሄን ገበያ በእግሬ ወርጄ፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተጋፋሁ፣ ዓይነት ዓይነቱን ኩባያ ገዝቼ መጣሁ። ከሽንኩርቱ በኋላ ይህ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻዬ በሙሉ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። ቀኙ ክንድ ኩባያውን ሲያቀብል ግራው ከቦታው እየተነሣ የቀኙን ክርን ይነካል። ሁለቱ ክንዶች ከተነካኩ ደግሞ ማሽኑ እንዳይሰበር ራሱን ቆልፎ ይቆማል። አለቃዬ ግራ እጅሽን ለምን ታነሺዋለሽ ስትለኝ አላነሣሁም ብዬ ሞገትኳት። ቪዲዮውን ከፍታ አሳየችኝ። እውነትም ቀኝ ክርኔን በግራ እጄ ደግፌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ጎረምሳ ውኃ እሰጣለሁ።

እንዲህ ነው ያደግኩት። ለሰው ውኃ የሚሰጠው ክርን ተደግፎ ነው፤ በአንድ እጅ ዘርግቶ መስጠት መወርወር ነው። ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በልጅነቴ በአንድ እጄ ካቀበልኩት ዝም ብሎ ያየኛል እንጂ አይቀበለኝም ነበር። አለቃዬ ነገሩ ገብቷት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ግን ይህን በእንግሊዝኛ ጽፋ ባሕር ማዶ ላሉት ብትልክላቸውም መልሱ አጭር ነበር፤ ግራው ክንድ ቦታው ላይ ይቀመጥ።

ይቀመጥ ማለት ቀላል ነው። እጄ ግን አልሰማ አለኝ። በመጨረሻ ግራ እጄን በሻርፔ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርነው። የቢሮው ሰው ሁሉ ፍየሏ ታሰረች እያለ ተሳለቀብኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻርፑን ስፈታው እጄ አልተነሣም። ቀረጻዬ ማለፍ ጀመረ፣ ተመሰገንኩ፣ እኔም ደስ አለኝ። የደስታዬን ዋጋ ያወቅሁት በኋላ ነው።

አባቴ ዕድሜውን በበርበራ መንገድ ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው። እናቴ ካረፈች፣ የእሱም ወገብ መሪ አላስይዝ ካለው በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ተቀመጠ። ሁለታችን ብቻ ነን። ኩሩ ሰው ነው። የልጁን እንጀራ መብላት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ልጁ ታጎርሰዋለች ብሎ ማንም እንዳያወራበት፣ ግቢውን ሳይጠርግ ቁርስ አይቀምስም። ስገባና ስወጣ ፊቴን እያየ፣ ደክሟት ይሆን፣ ሰልችቻት ይሆን ብሎ እንደሚያስብ ይገባኛል። እኔ ደግሞ እሱ ቤት ውስጥ ሲያስል ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ግን አፍ አውጥቼ ነግሬው አላውቅም።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የወገቡን መድኃኒት ሊውጥ ውኃ ጠየቀኝ። ቀድቼ ሰጠሁትና ወደ መክተፊያዬ ተመለስኩ። ከዚያ በላይ የማስታውሰው ነገር የለም።

በማግስቱ የድሮ ጓደኛው ቅዳሜ ወደ ጅግጅጋ መኪና ይዞ እንደሚመለስ፣ እሱም አብሮት ሄዶ ከዚያ ደሴ እኅቱ ቤት እንደሚገባ ነገረኝ። የሀርጌሳ ሙቀት አልተስማማኝም አለ። ነፋሻዋን ሀርጌሳን በሙቀት ሲከስ! ደሜ ፈላ። አክስቴ ራሷ ጧሪ የምትፈልግ ሴት ናት፤ እዚያ ሄዶ ማን መድኃኒት ሊገዛለት ነው? ድስቱን አጩኼ አስቀመጥኩት። መሄድ ከፈለጉ መንገዱ ክፍት ነው አልኩት። የተናገርኩት ገና ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ፤ ግን ግትር ነኝ፣ አልመለስኩትም። ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

ረቡዕ ማታ ልብሱን ሲያጣጥፍ አገኘሁትና ሆድ ባሰኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን አደረግሁዎት ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል መለሰልኝ።

“ውኃውን እንዴት እንደሰጠሽኝ አይቻለሁ፣ ልጄ። ደክሞሻል። አልፈርድብሽም።”

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ግራ እጄን አየሁት፤ ጭኔ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አባቴን፣ በሽተኛውን አባቴን፣ ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ ጎረምሳ በአንድ እጄ ውኃ አቀብዬዋለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቀረጻው፣ ስለ ሻርፑ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ማሽን ቢሉት የሚያውቀው ሞተርና ማርሽ ነው፤ ውኃ የሚያቀብል ማሽን አለ ስለው ላጽናናው ብዬ የፈጠርኩት ተረት መሰለው። ራሴን ዳብሶ ልብሱን ማጣጠፉን ቀጠለ።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲያው ይምጡና ይዩ ብዬ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። አለቃዬ እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ወንበሩ ላይ እስካሁን የተቀመጡት ሁሉ ኩባያ የሚመነጭቁ ወጣቶች ስለሆኑ አዛውንት ስትፈልግ ነበር። አባባ እያለች አስቀመጠችው። አባቴ ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ዘይቱ በየት ነው የሚገባው ብሎ ጠየቃት። ዘይት እንደሌለው ስትነግረው ቅር አለው።

እኔ እጀታዎቹን ያዝኩ። ግራ እጄ ከሻርፑ ከተፈታ ቆይቷል፣ አላሠጋኝም። ቀኙ ክንድ ኩባያውን አነሣ፣ ወደ አባቴ ዘረጋ። ፊቴ ያለው ሰው ግን እሱ ነበር፤ ግራ እጄ ራሱ ተነሣ። የማሽኑ ግራ ክንድ ቀስ ብሎ ተነሥቶ የቀኙን ክርን ሲነካ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀይ መብራት በራ። ኩባያው አባቴ ፊት፣ አየር ላይ ቀረ።

ቀረጻው ተበላሽቷል። ማሽኑን ላስነሣ ስል አለቃዬ በእጇ ቆዪ አለችኝ። አባቴ የተደገፈውን ክርን እያየ ነበር። ከዚያ ወደ እጀታዎቹ የሚሄደውን ገመድ ተከትሎ ዓይኑ እኔ ጋ ደረሰ። አንገቴን ሰበር አድርጌ እንደቆምኩ አየኝ። ወገቡን ይዞ፣ የወንበሩን መደገፊያ ተመርኩዞ፣ ከመቀመጫው ተነሣ። አባት ለልጁ አይነሣም፤ ለእኔም ተነሥቶልኝ አያውቅም። ኩባያውን ከመቆንጠጫው በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ቢስሚላህ አለና እስከ መጨረሻው ጠጣው። የዚያን ቤት ውኃ ማንም ጠጥቶት አያውቅም፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ተቀብሎ መመለስ ብቻ ነበር።

አለቃዬ አልተቆጣችም። ቁጭ ብለው ቢቀበሉልን አባባ፣ እንደገና እንሞክር አለችው። እንደገና ሞከርን፤ እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ያንንም አበላሸሁት። ለሦስተኛው ስንዘጋጅ የአባቴ ስልክ ጮኸ። የጅግጅጋው ጓደኛው ነው፤ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ሊነግረው ፈልጎ።

“እኔ አልሄድም፤ ሥራ ይዣለሁ” አለው አባቴ።

ጓደኛው በዚህ ወገብህ ምን ሥራ ብሎ ሲስቅ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። አባቴ ኩባያውን ለአለቃዬ መለሰና ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

“ልጄ ውኃ ትሰጠኛለች” አለው፣ “እኔ እቀበላታለሁ።”