የቁም ሣጥኑ ፕሮፖዛል

ልጅ እያለሁ፣ ቁይ በምትባለው የጎጃም ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ እንግሊዝኛዬ ጥሬ በአፉ ሞልቶ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ዛሬም ያው ነው፤ ጥርሴ ሲረግፍ ትንሽ ሳይሻሻል አልቀረም። የዚያን ዓመት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል፤ የወደቀ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለባትን ደብረ ማርቆስን የሚያያት ለገበያ ሲሄድ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱ ደግሞ "ትቀድዷቸዋላችሁ" ተብሎ ዲሬክተሩ ቢሮ፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። እኛ መስኮቱ ላይ አፍንጫችንን ለጥፈን ሽፋናቸውን እናያለን።

ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አስተማሪያችን አንድ ቀን "ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ላሳያችሁ" ብሎ ፕሮፖዛል የሚባል ነገር አመጣ። ለባለሥልጣን የሚቀርብ፣ ዓላማውን ገና ከላይ የሚናገር፣ ችግሩን አሳይቶ መፍትሔ የሚጠቁም ጽሑፍ ነው። ለዲሬክተሩ ጻፉ ተባልን። እኔም ስለ ቁም ሣጥኑ ጻፍኩ።

ጉዴ፣ መጠየቅ የተማርኩት ከአባቴ ሱቅ መሆኑ ነው። አባቴ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር፤ ያ ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም። ገበሬው ገብቶ በቀጥታ ዋጋ ሲጠይቅ አባቴ ጨርቁን አይዘረጋም፤ "ሰላምታ የአላህ ነው፣ መጀመሪያ ደህና ዋልክ በለኝ" ይላል። ከዚያ ልጆቹ፣ በሬዎቹ፣ ዝናቡ ይጠየቃሉ። እኔም ገጹን ሙሉ የዲሬክተሩን ጤና፣ የባለቤታቸውን፣ የበቅሏቸውን ደህንነት ጠየቅኩበት። ቁም ሣጥኑ መጨረሻ መስመር ላይ ተጨናንቆ ገባ።

አስተማሪው ክፍሉ ፊት አቆመኝ።

"አንተ የአቡጀዲው ልጅ፣ በቅሎዋ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ሰሞኑን ታነክስ ነበር፣ ቲቸር።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቀይ ዜሮ ጻፈልኝ። "ሰላምታውን አውጥተህ አምጣ፤ አለዚያ ዜሮው ይጸናል።"

"የሰው ደህንነት ሳልጠይቅ የሰው ቁልፍ አልጠይቅም" አልኩት።

እረፍት ሲደወል ዜሮውን እንደያዝኩ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። እጅ ነስቼ በእንግሊዝኛ አነበብኩላቸው። የአገራችን ሰው ናቸውና በአማርኛ መለሱ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።" ባለቤታቸው? "ጨጓራዋን ብቻ ነው።" በቅሎዋ? "ኧረ ተሽሏታል!" ሰላምታን እስከ መጨረሻው ለተቀበለ ሰው ጠያቂውን ውጣ ማለት ነውር ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ስደርስ ይህ የገባቸው ይመስላል።

"አንተ ተንኮለኛ! በበቅሎዬ በኩል መጣህብኝ?" አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። "አንድ ገጽ ቢቀደድ ግን ቆዳህን ነው የምቀደው!"

መጻሕፍቱን እየተቀባበልን አጠናን፤ ብዙዎቻችን አለፍን። ዜሮዬም በአስተማሪው መዝገብ በክብር ቀረች። ፕሮፖዛሉ ጸደቀ፣ ጸሐፊው ወደቀ።

አሁን ደብረ ማርቆስ የምትማረው የልጅ ልጄ ፈቲያ ለከባድ የእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ባለፈው የጻፈችውን ፕሮፖዛል አሳየችኝ፤ ለኃላፊዎቹ የተጻፈ፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜና እሑድም ይከፈት የሚል። እንከን ፈለግኩ፤ አጣሁ፤ ተናደድኩ።

"መቼ ነው የምትሰጫቸው?"

"ለማን፣ አባባ?"

"ለጻፍሽላቸው ነዋ!"

"ለልምምድ እኮ ነው። የሚቀበለው ሰው የለም፤ ይታረማል፣ ያልቃል።"

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛው ይሰበር ነበር፤ ከወረቀቱ ማዶ ግን ሰው ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛው ሸጋ ነው፤ ማዶው ባዶ።

"ወረቀቱን ያዢ፣ ሻርፕሽን ልበሺ" አልኳት።

"አባባ፣ ያባርሩናል!"

"ያባርሩን! ነገም ተመልሰን እንሄዳለን። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።"