ስሟን ያስቀረሁባት ሴት

መጽሐፉን የሰጠችኝ ከሌላ ክልል ተመድባ ቢቸና የመጣች ነርስ ናት። ባሕር ማዶ የተጻፈ የልጆች ተረት ነው፤ ዝናብ ፍለጋ ከቤቷ የወጣች የአንዲት አሮጊት ታሪክ። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ለብቻዬ የተማርኩ ነኝና፣ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ ተረጎምኩት። አሮጊቷን ጎጃሜ አደረግኋት፤ ወንዙንም ዓባይ አልኩት።

ሞጣ ወዳለው ማተሚያ ቤት ስወስደው የደራሲዋ ነገር ከንክኖኝ ባለቤቱን ጠየቅሁት። እየሳቀ፣ አገራችን የዓለሙን የቅጂ መብት ውል እንዳልፈረመች፣ ውጭ የታተመ መጽሐፍ እዚህ ከለላ እንደሌለው፣ የእኛም እዚያ እንደዚያው እንደሆነ አስረዳኝ።

"እህቴ፣ ሕጉ ድንበር ላይ ይቆማል። ማን ይይዝሻል?" አለኝ።

ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ። ሽፋኑ ላይ የራሴን ስም ብቻ አሳተምኩ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። አንብቤላቸው ስጨርስ "የማን ነው?" አሉኝ። የቅኔ ቤት ደንብ ነው፤ ከሰው የሰማ ሰው የባለቤቱን ስም ሳይጠራ አይናገርም።

"የራሴ" አልኳቸው።

በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው "የልጄ ነው" እያሉ በቃላቸው ሲተርኩላቸው ከአጥሩ ሥር ሆኜ ሰማሁ። ልጅ ሳለሁ ተደብቄ ቅኔ የሰማሁበት አጥር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሦስት ቀን ደበቅኳቸው። በአራተኛው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያ ሰውዬ ስለ ሕጉ ያለኝንም ጨምሬ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣

"እኔስ ዓባይን ተሻግሬ ከወሎ ቅኔ ሳመጣ፣ የመምህሬን ስም እዚያው ጥዬ ብመጣ ማን ይይዘኝ ነበር?" አሉ።



ለደራሲዋ የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ ነርሷ አገዘችኝ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። ሞጣ ያልተሸጡትን መጻሕፍትም ሰበሰብኩ። ለአባቴ ግን ይህ አልበቃቸውም፤ እጄን ይዘው ተማሪዎቹ ፊት አቆሙኝ። ተረቱ የእኔ እንዳልሆነ፣ ለአባቴም እንደዋሸሁ ተናገርኩ። አንገቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም።

"ታዲያ የማን ነው እትዬ?" አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ ሊያሳፍረኝ ሳይሆን ደንቡ ሆኖበት።

ስሟን ጠራሁ። አባቴ ምላሳቸው እየተሳሰረ ደጋግመው አሉት፤ ሲቀናቸው "የእርሷ ነው" ብለው ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማሁ።